በነብሩ ጀርባ ላይ የታተመው መዳፍ

ቀራፂው ከነሐስ ነብሩ ሥር ተዘርሮ ተገኘ፤ ማጅራቱን የነብሩ የድንጋይ መቆሚያ ጠርዝ መትቶታል። ነብሩ ቅርፁን ያገኘበት የጄሶ ሞልድ ወለሉ ላይ ተሰባብሯል። መርማሪው የወርክሾፑን የብረት በር አስቆልፎ «ነገሩ ሳይጣራ ማንም አይወጣም» አለ።

የተማሪዋ እናት የቁልፉን ድምፅ ስትሰማ ወደ መስኮቶቹ ዞረች። መስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ ነው። ነብሩ ሊዘል እንዳደባ የትም ብትቆም እሷኑ ያያል። ጠዋት ከሟች ጋር የነበረችው የእሱ ተማሪ፣ የእሷ ልጅ፣ ብቻ ናት። «በቃ፣ ልጄን ወሰዱብኝ» አለች በልቧ።

«ጠዋት ምን ስትሠሩ ነበር?» ሲል መርማሪው ልጅቷን ጠየቃት።

«ጋሼ ነሐሱን በእሳት ሲያግሉት እኔ ሰም እቀባ ነበር። ካልጋለ ሰሙ አይዝም። ሦስት ሰዓት ላይ ጨርሰን ጋዝ ላስሞላ ወጣሁ።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

የሟች ወንድም ቀኝ እጁን ኪሱ እንደከተተ «ማን ያያታል!» ሲል አሽሟጠጠ። «ስድስት ሰዓት ላይ ሬሳውን ያገኘነው እኔና እናቷ ነን። ምሳ ይዛላት መጥታ በር ላይ ተገናኘን።»

መርማሪው ነብሩን ዞረው። ጀርባው ላይ የሰው መዳፍ ሰሙ ውስጥ ሰጥሟል።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ ወንድም ፈጥኖ። «ጎንበስ ብዬ ሬሳውን ሳይ ነብሩን ተደገፍኩ።»

«የቀረው ገላው ደብዛዛ ነው፤ እዚህ ጋ ብቻ ለምን ያበራል?»

እናት ወደ ፊት ወጣች። «እኔ ነኝ! እሱ ፖሊስ ሊጠራ ሲወጣ በሻርፔ ፈተግኩት። የልጄ እጅ መስሎኝ! ብፈትገው ብፈትገው እምቢ አለኝ!»

«ወይኔ እማዬ!» አለች ልጅቷ።

መርማሪው ግን ሁሉንም ነብሩ ዙሪያ ሰበሰበ። «እናቴ፣ እስቲ እዚህ ይጫኑ። በደንብ።»

ተጫነች። እጇን ስታነሳ ሰሙ ላይ ምንም የለም።

«አያችሁ? የቀዘቀዘ ሰም መዳፍ አይቀበልም። ስድስት ሰዓት ላይም ደርቆ ነበር፤ ለዚህ ነው እሳቸው ፈትገው ያቃታቸው። መዳፉ የሰጠመው ነሐሱ ገና ትኩስ ሳለ፣ ልጅቷ እንደወጣች ነው። አንተ ያኔ እዚህ ነበርክ።»

«እሷም ነበረች!»

«እሷ የጋለ ነሐስ በባዶ እጅ እንደማይነካ ታውቃለች። አንተ አታውቅም። ቀኝ እጅህን አውጣ።»

ወንድም ወደ በሩ ዞር አለ። ተቆልፏል። እጁን ቀስ ብሎ አወጣ፤ መዳፉ ውኃ ቋጥሯል።

«ወንድሜ ሁለተኛ ነብር እንደሚሠራ ለገዢ ቃል ሰጥቼ ነበር» አለ። «እሱ ሌላ እንዳይወጣ ብሎ ሞልዱን ዓይኔ እያየ ሰባበረው። ገፋሁት... ልይዘው ስል ነብሩን ያዝኩ።»

በሩ ተከፈተ፤ ፖሊሶች ወንድምን ይዘውት ወጡ። እናት ግን አልተንቀሳቀሰችም። የልጇን ቀኝ እጅ ይዛ ገለበጠችና መዳፉን አየች። ምንም የለበትም።

ልጅቷ እጇን አልነጠቀችም። «እማዬ፣ አንቺም?» አለች።