ቨርና የሰበረችው መስታወት

«ጌታዬ፣ በአገራችሁ በር ማንኳኳት ክልክል ነው?»

ቨርና ፒልቸር ይህን ያለችው ቀና ሳትል ነበር። በሩ ድንገት ብርግድ ሲል እጇ ስቶ፣ በመስታወቱ ላይ ትጽፈው የነበረው የአንድ ታዋቂ ተዋናይ ስም ጅራት አውጥቶ ቀርቷል። ተናዳ ቀና ስትል... ጥቁር የደንብ ልብስ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ፣ ክንዱ ላይ ደግሞ ያ የተረገመ የናዚ መስቀል!

«በአገሬ ይህን ልብስ የለበሰ ሰው አያንኳኳም» አለ ሰውዬው። ወዲያው ፊቱ ቀላ። «ይቅርታ ወይዘሪት... ቀልዱ በጀርመንኛ ሳይሻል አይቀርም።»

«በጀርመንኛም አያስቅም!»

እንዲህ አለች እንጂ ስቃለች። ቨርናን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ እየተቆጣች ነው የምትስቀው።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ስድስት ወር የቀረበት ነው። በሆሊውድ ናዚን በስሙ ጠርቶ ፊልም የሚሠራ ሰው ከተገኘ ጉድ የሚባልበት ዘመን ነበር። ይህ ስቱዲዮ ግን ደፍሮ፣ አሜሪካ ውስጥ ስለተሰማሩ የናዚ ሰላዮች ፊልም ጀምሯል። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል፣ የማስፈራሪያ ደብዳቤ በየቀኑ ይጎርፋል። የቨርና ሥራ የተዋናዮቹን ስም በመስታወት ላይ በነጭ ቀለም መጻፍ ነው። መስታወቱ በካሜራ ይነሳና ፊልሙ ሲጀምር ሕዝብ የሚያነበው የእሷን የእጅ ጽሑፍ ነው። ትኮራበታለች፣ ኩራቱም ያምርባታል።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው።

«ምሳዬን የምበላበት ጥግ።»

«ምግብ ቤት የለም እንዴ?»

«አለ። ግን ይህን ለብሼ ስቀመጥ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። ትናንት አስተናጋጇ ሾርባዬን ከሩቅ ገፍታ ነው የሰጠችኝ።»

«ታዲያ አውልቀው!»

«ለማውለቅ ሃያ ደቂቃ፣ ለመልበስ ሃያ ደቂቃ። የምሳ እረፍታችን ግማሽ ሰዓት ነው።»

ቨርና ትክ ብላ አየችው። የሰላዮቹን አለቃ ሆኖ የሚጫወተው ኤጎን ሊሳወር ነበር። በጀርመኗ ብሬስላው ከተማ የታወቀ የመድረክ ሰው ሳለ፣ ይሁዲ ነህ ተብሎ ከመድረክ የተባረረ። አሜሪካ ሲገባ ያ ጀርመንኛ ጀርመንኛ የሚል አነጋገሩ ለአንድ ነገር ብቻ ጠቀመው፤ ያባረሩትን ሰዎች ሆኖ እንዲተውን።

«እሺ፣ እዚያ ጋ ተቀመጥ» አለችው። «መስታወቴን ብትነካ ግን ወዮልህ!»

«ትረሽኚኛለሽ?»

«የመረሸን ልብስ የለበስከው አንተ! እኔ ብሩሽ ብቻ ነው ያለኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት በሆነ ቁጥር ኤጎን ከጥግ አይጠፋም። የሰርዲን ሳንድዊቹን ለሁለት ይከፍላል፣ እሷ የፖም ኬኳን ትቆርሳለች። ስለ እናቱ ብዙ ያወራል፤ በብሬስላው የሴቶች ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ስላስተማሩት፣ ተማሪ ሲያዛጋ ጠመኔ ስለሚወረውሩት ስለ ወይዘሮ ሄድቪግ። ቨርና እየጻፈች ታዳምጣለች። አንድ ቀን ሳይመጣ ሲቀር ስምንት ፊደል አበላሸች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት።

እሁድ ባሕር ዳር ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። በራሱ ልብስ ሲመጣ አጠገቧ ቆሞ እንኳ አላወቀችውም። ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት የለበሰ፣ ለስላሳ ዓይን ያለው ሰው ነበር። የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ገዝተው ከባሕሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ቨርና...»

«ወዬ።»

«እወድሻለሁ። አነጋገሬ ያስቃል፣ ነገሩ ግን አያስቅም።»

ቨርና በዓሣ ዘይት የወዛ እጁን ያዘችና እስኪመሽ አልለቀቀችውም። ደስታዋ ልክ አልነበረውም!

ታዲያ ደስታ እንዲህ በቀላሉ ይዘልቃል? ረቡዕ ጠዋት ከስቱዲዮው በር ውጭ አየችው። ግራጫ ባርኔጣ ያደረገ፣ ኮቱ ላይ ያን መስቀል የሰካ ሰው የኤጎንን ትከሻ መታ መታ እያደረገ ያወራዋል። የፊልም ሳይሆን የእውነተኛው መስቀል! ኤጎን አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣ ከዚያ ሰውዬውን ጨበጠው።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ኤጎን ሳንድዊች ሳይዝ መጣ።

«ቨርና፣ ስሜን አትጻፊው። ሌላ ስም ጻፊልኝ።»

«ለምን?»

«ልነግርሽ አልችልም።»

«ዳይሬክተሩ ቤቱ ድረስ ድንጋይ ተወርውሮበት ስሙን አልደበቀም! አንተ ምን ሆንክና ነው?»

ኤጎን ወደ በሩ ዞረ።

«ትናንት የጨበጥከው ሰውዬ ማነው?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «አየሽኝ?»

«በሁለት ዓይኔ!»

«እንግዲያው የፈለግሽውን አስቢ» አለና ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ቢያጋጨው ይሻላት ነበር።

አልቅሳ ስትጨርስ ብሩሿን አነሳች። «የእኔ እጅ ለፈሪ ብሎ ውሸት አይጽፍም!» አለች ለራሷ። ኤጎን ሊሳወር ብላ በሕይወቷ ጽፋው በማታውቀው ውበት ጻፈችው። ስትወደውም ስትጠላውም እጇ ያው ነው፣ ያምራል። አርብ ጠዋት መስታወቱ ወደ ቀረጻ ክፍል ተወሰደ።

ብዙም ሳይቆይ የፊት ቀለም የምትቀባው ቪየናዊቷ ትሩዴ እያለከለከች ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ የኤጎንን ስም ጻፍሽው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነተኛ ስሙን ነው የጻፍኩት። ምነው?»

«እናቱን ልትገድያቸው ነው?»

ብሩሹ ከቨርና እጅ ወደቀ።

«አሮጊቷ የሚጠብቁት ከጀርመን መውጫ ወረቀት ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ ነው» አለች ትሩዴ። «ያ ግራጫ ባርኔጣ መጥቶ ለኤጎን ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹በዚያ ፊልም የአገራችን ሰዎች ይሠራሉ ሲባል ሰምተናል። ስማቸው ሲወጣ እናነባለን። የአንተን ካየን የእናትህ ወረቀት ይቀደዳል፣ እሳቸውም ወደማይመለሱበት ይሄዳሉ።› ፊቱን እኔ በቀለምና በጢም እናቱ እንኳ እንዳታውቀው አድርጌዋለሁ። የቀረው ስሙ ነው!»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ለአንቺ? ብትሰሚ በር ላይ ወጥተሽ ሰውዬውን በብሩሽ ታሳድጂው ነበራ! ያኔ እናቱ አለቀላቸው።»

እውነቷን ነው። ታሳድደው ነበር።

ቨርና ሮጠች። የልብስ ማመላለሻ ጋሪ ገልብጣ፣ የካውቦይ ልብስ የለበሱ ሁለት ተዋናዮች ገፍትራ የቀረጻ ክፍል ደረሰች። መብራቱ በርቷል፣ መስታወቱ ካሜራው ፊት ቆሟል፣ አለቃዋ ዳግሊሽ እጁን አንስቶ «ተዘጋጁ!» እያለ ነው። አንድ ቃል ሳትናገር መስታወቱን ከማቆሚያው ነቀለችና ከወለሉ ጋር አላተመችው።

«አብደሻል?!» ጮኸ ዳግሊሽ።

«አዎ!»

«ከጻፍሽው ሁሉ ምርጡ እኮ ነበር!»

«አውቃለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

ከዚያ ስብርባሪውን ተራምዳ ተጠጋችውና፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ በጆሮው ሁሉንም ነገረችው። ዳግሊሽ ጨካኝ መስሎ የሚኖር ሰው ነው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«እስከ አስር ሰዓት አዲስ መስታወት እፈልጋለሁ» አለ። «ምን ስም እንደሚጻፍበት አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።»

ኤጎን ሲጠራ ያንን ልብስ እንደለበሰ መጣ። በሩን አንኳኳ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው ገና ሳይገባ። «ፈሪ ብዬሃለሁ። በሆዴ ከዚያም የባሰ ብዬሃለሁ። እናትህን በገዛ እጄ... ኤጎን፣ በዚህ በምኮራበት እጄ!»

«ሰበርሽው አሉኝ።»

«ሰበርኩት።»

«በቃ፣ ይቅር ተባብለናል» አለና ዓይኖቿን በመዳፉ ጠረገላት። እሱም ግን እያለቀሰ ነበር። «እዚህ አገር ብዙ ሰው አዘነልኝ ቨርና። ለእኔ ብሎ የሚወደውን የሰበረ ግን የለም።»

ቨርና አዲስ መስታወት አቀረበች። «ስም ንገረኝ።»

«አንድም አይመጣልኝም። አንቺ ምረጪ።»

ትንሽ አሰበች። «ኦሪን ፒልቸር።»

«እሱ ማነው?»

«አባቴ። የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር፣ ፊደልን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከሞተ አራት ዓመቱ። ሄደው ቢፈልጉት አያገኙትም፣ ማንም አያስፈራራውም።»

«የአባትሽን ስም... በዚህ ልብስ ላይ?»

«አባቴን አታውቀውም! ከሬዲዮ ጋር የሚጣላ ሰው ነበር። ናዚን የሚያዋርድ ፊልም ላይ ስሙ ሲገባ መቃብሩ ውስጥ ሆኖ ያፏጫል።»

ያን ውሸት የጻፈችው የመጀመሪያውን እውነት ከጻፈችበት በበለጠ ጥንቃቄ ነው። ስትጨርስ ኤጎን ጎንበስ ብሎ ሳማት፤ የልብሱ እጅጌ ነጭ ቀለም ጠጣ፣ ማንም ግድ አልነበረውም።

ፊልሙ ወጣና ከተማውን አነጋገረ። ጋዜጦች «ይህ ፒልቸር የሚባል ሰው ከየት መጣ?» እያሉ ጻፉ። ኤጎን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ለሌላ ሰው ሲጨበጨብ ሰማ። እሱ የሚጠብቀው ጭብጨባ ሳይሆን ፖስታ ነበር። የእናቱ ደብዳቤ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ አንድ ወር ተኩል ድምጽ ጠፋ።

«ይመጣሉ» ትለዋለች ቨርና።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አላወቅኩም። ስለማላውቅ ነው ጮክ ብዬ የምለው!»

በሐምሌ «ወጥቻለሁ» የሚል ቴሌግራም መጣ። ወይዘሮ ሄድቪግ ሊሳወር ሳን ፔድሮ ወደብ ከመርከብ ሲወርዱ ኤጎን እንደ ሕፃን ሮጠ። አሮጊቷ አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ አንዲት ሻንጣ ብቻ የያዙ ነበሩ። ልጃቸውን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ቨርናን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«በደብዳቤ የሚጻፍልኝ ቁጡዋ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ጥሩ። አሁን ፊልሙን ላየው እፈልጋለሁ።»

«እማዬ፣ አርፈሽ...»

«መርከብ ላይ አርፌያለሁ!»

ከወደብ በቀጥታ ሲኒማ ቤት ገቡ። ስሞቹ ሲያልፉ ወይዘሮ ሄድቪግ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«የአንተ የት አለ? ኦሪን ፒልቸር ማነው?»

«ቆይ እማዬ» አለ ኤጎን፤ ፊልሙ ሊያልቅ ሲቃረብ በሹክሹክታ ከመስታወቱ እስከ ግራጫው ባርኔጣ ሁሉንም ነገራቸው። እናቱ የቨርናን እጅ በጨለማው ፈልገው አገኙና ጥብቅ አድርገው ያዙ። ቀጥለውም በአስተማሪ ድምጻቸው፣

«እንዲህ ከሆነ» አሉ፣ «ይቺ ልጅ የሞተ አባቷን ስም አልብሳህ እኔን ከሞት አወጣች። አንተ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ስሙን ለብሰህ ስትዞር፣ የእሱን ልጅ አግቢኝ አላልካትም?»

«አንቺን እየጠበቅን ነበር እማዬ...»

«ይኸው መጣሁ!»

ከኋላ «ዝም በሉ እንጂ!» የሚል ድምጽ ተሰማ። ኤጎን ወደ ቨርና ዞረ። ከስክሪኑ የሚመጣው ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር።

«ቨርና ፒልቸር... ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ!» አለች፣ ሹክሹክታ ሳይሆን እንደ ልማዷ ጮክ ብላ። «እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው!»

«ሐሙስ ይሁን» አሉ እናቱ።

በዚያው ቅጽበት በስክሪኑ ላይ ፖሊሶች ደርሰው የሰላዮቹን አለቃ ያዙት፣ ሕዝቡም ቤቱን በጭብጨባ አናጋው። ከሁሉም ቀድመው ብድግ ብለው ያጨበጨቡት ወይዘሮ ሄድቪግ ነበሩ።