ኢክራምና ተወርዋሪው ኮከብ

ድሬዳዋ ውስጥ ኢክራም የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለች። ኢክራም አርፎ መቀመጥ አይሆንላትም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሬዲዮው እንዲህ አለ፦ «ዛሬ ማታ ተወርዋሪ ኮከቦች ይታያሉ። መብራት አጥፉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ።»

«እኔ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም» አለች ኢክራም። «ዛሬ ማየት አለብኝ።»

አባቷ ግቢው ውስጥ ፍራሽ አነጠፈ። እናቷ መብራቱን አጠፋች። ቀጭ!

የጎረቤታቸው የእትዬ ፋንታዬ መብራት ግን ቦግ ብሏል። ኢክራም ሮጠች። ኳ! ኳ! ኳ!

«እትዬ፣ ኮከብ ልናይ ነው። የደጁን መብራት ያጠፉልናል?»

«ታዲያ እኔም ልምጣ እንጂ» አሉ እትዬ ፋንታዬ። መብራቱን አጥፍተው፣ ወንበራቸውን ይዘው መጡ።

አሁን ጨለመ። ኢክራም ቀና ብላ አየች። ሦስት ኮከቦች ብቻ።

«ቆይ፣ ዓይንሽ ይልመድ» አላት አባቷ።

ኢክራም ተነሣች። ተቀመጠች። ተገላበጠች።

ኮከቦቹ አሥር ሆኑ። «ከየት መጡ?» አለች።

«እዚያው ነበሩ። ዓይንሽ ነው የዘገየው» አላት።

ኢክራም ተነሣች። ተቀመጠች። ተገላበጠች።

እግሯን የሆነ ነገር ነካት። በእጇ የያዘችውን ባትሪ አበራች። ቀጭ! አንዲት ትንሽ ጉንዳን ናት።

«ውይ፣ አንዱ ተወረወረ» አለች እናቷ ወደ ሰማይ እያየች።

ኢክራም ቶሎ ቀና አለች። ሰማዩ ድፍን ጥቁር ነው። አሥሩም ኮከቦች የሉም።

«እኔ ሳላይ ሄደ» አለች። እንባዋ መጣ።

«የባትሪው ብርሃን ነው ዓይንሽን ያጭበረበረው» አላት አባቷ። «እንደገና እንጠብቃለን።»

ኢክራም ባትሪውን ሰጠችው። «አንተ ያዘው። እኔ ጋ ከሆነ አበራዋለሁ።»

ከዚያ በጀርባዋ ተኛች። እግሯ መሮጥ ፈለገ። እጇ መነካካት ፈለገ።

ኢክራም ግን አልተነሣችም። አልተቀመጠችም። አልተገላበጠችም።

ሦስት ኮከብ። አሥር ኮከብ። ከዚያ ብዙ፣ ብዙ፣ ብዙ። ሰማዩ ስኳር የተበተነበት መሰለ።

ድንገት አንድ ቀጭን ብርሃን ሰማዩን ሰንጥቆ አለፈ። ምንም ድምፅ አልነበረውም።

ኢክራም የእናቷን እጅ ጭምቅ አደረገች። «አየሁት» አለች በሹክሹክታ።

«እኔም አየሁት» አለች እናቷ።

«እትዬ ፋንታዬስ፣ አዩት?»

ኹርር... ኹርር... እትዬ ፋንታዬ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ኢክራም በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ሄደች። አንሶላዋን አለበሰቻቸው። ተመልሳ እናቷ ክንድ ላይ ተኛች።

«ሲነቁ እንዲያዩ ሌላ እጠብቅላቸዋለሁ» አለች። ሌላው ሳይመጣ ግን ዓይኗ ቀስ ብሎ ተከደነ።