ሦስት ጀማሪዎች

«ይኸው! ፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ራይት ወጣ» አለች የጭልጥ አክስት መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ዝቅ አድርጋ። «ቀጥሎስ ምን ይላል? ‹አሮጌውን ስልክ ያጽዱ።› እሺ፣ እናጽዳ እንግዲህ።»

ጭልጥ ከስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ የሚገባውን የከሰዓት ፀሐይ እያየች ነበር። ብርሃኑ ውስጥ የክር ብናኝ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። እሷም በሐሳቧ ከብናኙ ጋር ጥቂት ስለ ተንሳፈፈች «እናጽዳ» የሚለው ቃል ዘግይቶ ነው የደረሳት። የአክስቷ ጣት አሮጌው ስልክ ላይ ያለው ቀይ ቁልፍ ላይ ሊያርፍ ለጥቂት ነበር።

«አክስቴ! እንዳትነኪው!»

«ውይ! ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ? ክው አደረግሽኝ እኮ!»

«ፎቶዎቹ ገና አልሄዱም። ራይቱ ተመረጡ ማለት ነው እንጂ ተላኩ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ‹ላክ› የሚለውን መጫን ነበረብሽ።»

አክስቷ አዲሱን ስልክ ከፍ አድርጋ የምትከተለውን የእርዳታ ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበበች። እሷ አነበበች ማለት ደግሞ አነበበች ማለት ነው፤ ልክ ስትወስድ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማታልፍ ልብስ ሰፊ ናት። «‹ላክ› የሚል እዚህ የለም» አለች።

ጭልጥ ስልኩን ተቀብላ አየች። እውነትም የለም። ሦስተኛው እርምጃ «ይምረጡ» ይላል፣ አራተኛው «ያጽዱ» ይላል፣ በመሐላቸው ባዶ ነው። አሮጌው ስልክ ውስጥ አክስቷ በአሥራ አንድ ዓመት የሰፋቻቸው ልብሶች በሙሉ አሉ። ዛሬ በሕይወት የሌለችው አያቷም አዲስ ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ቆማ ስትስቅ አለች። አንድ ጊዜ ነካ ቢደረግ ይህ ሁሉ ድራሹ ይጠፋ ነበር።

«ይህን የጻፈውን ሰው ጆሮውን ባገኘሁት!» አለች አክስቷ።

«እኛ ነን የጻፍነው» አለች ጭልጥ። ፊቷ ጋለ።

እዚህ ላይ ስለ ልጅቷ ትንሽ ልንገራችሁ። ጭልጥ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። አስተማሪ ሲጠራት እሷ በሐሳብ ጭልጥ ብላ ሄዳለች፤ የምትመለሰው ሦስተኛው ጥሪ ላይ ነው። እንዲህ ያለችን ልጅ አስተባባሪ ያደረገ ሰው ምን ነክቶት ነው ብትሉ አይፈረድባችሁም። ግን በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡትን በጎ ፈቃደኛ ልጆች የምታስተባብረው እሷ ናት። ሥራቸው ኢንተርኔት ግራ ለሚያጋባቸው ሰዎች የእርዳታ ገጽ ማዘጋጀት ነው፤ የይለፍ ቃል ሲረሳ ምን ይደረጋል፣ የአጭበርባሪ መልእክት በምን ይታወቃል፣ ስልክ ሲቀየር ፎቶ እንዴት ይዛወራል። ጸሐፊዎች ይጽፋሉ፣ ሠዓሊዎች ሥዕል ይጨምራሉ፣ ሞካሪዎች ይሞክራሉ። ሦስቱ ቡድኖች ዓይንና ናጫ ናቸው። እሷን የሚወዷት ሲጮኹባት ግማሹን ስለማትሰማ ነው።

አንድ የማይነካ ደንብ አላቸው። ማንኛውም ገጽ ከመውጣቱ በፊት፣ ነገሩን በሕይወታቸው ሠርተውት የማያውቁ ሦስት ሰዎች ይሞክሩታል። ከሞካሪዎቹ ቡድን አንዱ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ አይናገርም፣ አይጠቁምም፤ ጣታቸው የቆመበትን ቦታ ብቻ ይመዘግባል። የፎቶው ገጽ የወጣው ሐሙስ ነው። «ሦስት ጀማሪዎች ያለ ችግር ጨርሰዋል» የሚለውን ቅጽ ሞልታ የሰጠቻት የሞካሪዎቹ ኃላፊ፣ የልብ ጓደኛዋ ፌንጣ ናት። ቅጹን አይታ «ይውጣ» ብላ የፈረመችው ደግሞ ራሷ ጭልጥ ናት።

ገጹ የሚስተካከለው በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ጭልጥ አክስቷ ‹ላክ› የሚለውን ስትጫን አይታ፣ የመጨረሻው ፎቶ አዲሱ ስልክ ላይ እስኪደርስ ጠብቃ ወጣች። መንገዱ የቅዳሜ መንገድ ነበር፤ መጋረጃዎች በየመስኮቱ በነፋስ ይወዛወዛሉ፣ ከአንዱ ፎቅ የሬዲዮ ድምፅ ይመጣል፣ የሚቸኩል ሰው ያለ አይመስልም። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አንዲት ሴት ስልኳ ላይ አጎንብሳለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጭልጥ የሴትዮዋን ታሪክ ፈጥራ እስከ ልጅ ልጆቿ ባደረሰችው ነበር። ዛሬ ግን የምታየው አውራ ጣቷን ብቻ ነው። «አንቺም አራተኛው ላይ ደርሰሽ ይሆን?» አለች በሆዷ።

ፎቁ ላይ ፌንጣ ብቻዋን ወንበር ስትደረድር አገኘቻት። የዘጠኝ ሰዓቱ ስብሰባ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ፌንጣ ወንበር ስትደረድር እንኳ ትዘላለች፤ እግሯ መሬት የሚነካው ለይሉኝታ ነው የሚመስለው።

ጭልጥ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ጋ ሄዳ የጎደለችውን እርምጃ ጻፈች። ከዚያ ዞረች። «የፎቶው ገጽ ላይ ‹ላክ› የሚለው ተዘሏል። አክስቴ ሁሉንም ልታጠፋው ለትንሽ ነው የተረፈችው። ሦስቱ ጀማሪዎች እነማን ነበሩ?»

ፌንጣ ወንበሩን እንደ ያዘች ቀረች። «አሁን አስተካከልሽው አይደል? አለቀ በቃ። አታካብጂ።»

«እነማን ነበሩ?»

«አንዱ ወንድሜ ነው» አለች ፌንጣ ቀስ ብላ። «እሱ ደግሞ ያውቀዋል፤ ሳያስበው ነው ‹ላክ›ን የተጫነው። ሌሎቹ ሁለቱ... የሉም። ፈተና ነበረብን፣ ሰው አጣሁ፣ ጸሐፊዎቹ በየሰዓቱ ‹የት ደረሰ› ይሉኛል። ቅጹን እኔው ሞላሁት።»

ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ጭልጥ አንዷ ስትዋሽ ሌላኛዋ ቶሎ ታውቃለች ብላ ታስብ ነበር። አላወቀችም። ከሁሉ በላይ የከነከናት ይኸው ነው።

«ለጸሐፊዎቹ እንዳትነግሪያቸው» አለች ፌንጣ። ዓይኗ ውኃ ሞልቷል። «‹ሞካሪዎች ያጓትቱናል› እያሉ ደንቡን የሚያነሱበት ሰበብ ነው የሚፈልጉት። እኔንም ያባርሩኛል። ትምህርት ቤት ስናገር ማን ይሰማኛል? እዚህ ብቻ ነው ‹ፌንጣ ምን አለች› የሚባለው። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች እንጂ። ጭልጥ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ከገጹ ግርጌ ስንት ሰው እንደ ከፈተው የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ቁጥሩን ስታየው ሐሳቧ እንደ ልማዱ ይዟት ሄደ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስኮት ታያት፤ በእያንዳንዱ መስኮት ብርሃን፣ በእያንዳንዱ ብርሃን ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ጭኑ ላይ ስልክ። ማንም አያወራም። ሁሉም እሷ «ይውጣ» ያለችውን እያነበቡ ቀስ ብለው ጣታቸውን ያነሳሉ። ያሁኑን እርማት አያዩትም፤ ገጹን አንዴ አንብበው ሄደዋል። ልባቸው የሚረጋው ራይቱን ሲያዩ ነው።

አይሆንም። ዝም ብሎ ማረም አይበቃም። ገጹ አናት ላይ በትልልቁ ጻፈች፤

«ማስጠንቀቂያ። ይህ ገጽ ሐሙስ ሲወጣ በጀማሪዎች አልተሞከረም፤ አንድ እርምጃም ጎድሎት ነበር። አሮጌውን ስልክ ገና ካላጸዱ እባክዎ ያቁሙና ፎቶዎቹ አዲሱ ስልክ ላይ መድረሳቸውን ያረጋግጡ። ይቅርታ እንጠይቃለን። አስተባባሪዋ።»

ማስጠንቀቂያውን ገጻቸውን ለሚከታተሉት ሁሉ ላከችው። ፌንጣ ከትከሻዋ በላይ አነበበች፣ ስሟ እንደሌለበት አይታ ትንፋሿን ለቀቀች። «ለኔ ብለሽ ነው?»

«እኔም ፈርሜያለሁ» አለች ጭልጥ። በዚሁ የሚያልቅ መስሏት ነበር፤ ጓደኛዋንም ሰዎቹንም ያተረፈች መስሏት ልቧ ትንሽ ቀለል አለ። በመስኮቱ የሚታየው ዛፍ እንኳ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር።

ኮምፒውተሩ ድምፅ አሰማ። መልእክት ነው።

«ገጻችሁን ተከትዬ አሮጌውን ስልክ ትናንት አጽድቼዋለሁ። ልጄ ከተወለደ እስከ ሁለት ዓመቱ ያነሣሁት ሁሉ እዚያ ነበር። እርምጃ የዘለልኩት እኔ መስሎኝ ከትናንት ጀምሮ ራሴን ስረግም ነው የዋልኩት። አሁን ቢያንስ ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን አወቅሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ተሞክሯል ብሎ የነገራችሁ ማነው?»

ሁለቱም አነበቡት። ፌንጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የጭልጥ ጣቶች ከሐሳቧ ቀድመው «እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። ሁለት ቃል ናት፤ አንድ ቁልፍ ብትጫን ትሄዳለች። ፌንጣም ትተርፋለች፣ ደንቡም ይተርፋል። የጻፈችውን ደጋግማ አየችውና ይህም ሌላ በውሸት የተሞላ ቅጽ እንደሆነ ገባት። ያ ሰው የጠየቀው እውነቱን ነው፤ ካሁን በኋላ ሊሰጡት የሚችሉትም እሱኑ ብቻ ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ጸሐፊዎቹ ናቸው፤ ገና ሳይደርሱ እየተከራከሩ ነው የሚመጡት።

«መጡ!» አለች ፌንጣ በሹክሹክታ። «ዝጊው! በናትሽ ስክሪኑን ዝጊው!»

ጭልጥ ከወንበሩ ተነሣች። ስክሪኑን አልዘጋችውም። ወንበሩን ወደ ፌንጣ ዞር አደረገችው።

«አጠገብሽ እቆማለሁ» አለቻት። «እስከ መጨረሻው እቆማለሁ። ግን በአንቺ ፈንታ አልጽፍም።»

ፌንጣ በሩን አየች፣ መልእክቱን አየች። ያቺ መሬት የማይበቃት ልጅ አንዲት እርምጃ ለመራመድ የፈጀባት ጊዜ! በመጨረሻ መጥታ ተቀመጠች፤ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች።

በሩ ተከፈተ፣ ልጆቹ ከነጫጫታቸው ገቡ። «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» አለ ከፊት ያለው።

«ኑ» አለቻቸው ጭልጥ፣ እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዳደረገች። «ፌንጣ ለአንድ ሰው እየመለሰች ነው። ስትጨርስ ሁላችንም እናነበዋለን።»