ግማሽ ምት ዘግይቶ

ዜማው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሽቦ ዓይኗን ከራሷ ኖታ አንሥታ ወደ ጎን አየች። ያየችውን ማመን አቃታት። አጠገቧ የተቀመጠው ቱቦ ትልቁን የነሐስ መሣሪያ፣ ዩፎኒየሙን፣ አቅፎ ያንን ረጅም፣ ሆድ የሚያባባ ዜማ አንዲት ድምፅ ሳይስት እየነፋ ነው። ፊቱ የተዘረጋው ወረቀት ግን የሌላ ዜማ፣ የሰልፍ ማርሽ ኖታ ነበር።

ቱቦ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሏል። እሷ ገጽ ስትገልጥ እሱም ገለጠ።

የባንዱ መሪ ዱላውን አወረደ። ሁሉም ጸጥ ሲል ከጣሪያው ሥር ካለው ቧንቧ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ተሰማ። መሪው ከመድረኩ ወርዶ በወንበሮቹ መካከል ቀስ ብሎ መጣና ወረቀቱን ከቱቦ ፊት አነሣው። በጥንቃቄ አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው።

«ጥሩ ነው» አለ። «በጣም ጥሩ።»

ሌላ ምንም አልተናገረም። ሽቦን ያስፈራትም ይኸው ነው።

ሽቦ የተባለችው ጥርሷ ላይ ባሰረችው የማቃኛ ሽቦ ነው። ድሮ የምትነፋው ኮርኔት የምትባለውን ትንሽ ጥሩምባ ነበር። ሽቦው ከታሰረላት በኋላ ግን ጠባቡ የኮርኔት መንፊያ ከንፈሯን ከብረቱ ጋር እያጣበቀ ደም በደም ያደርጋት ጀመር። መሪው «ወደ ባሪቶን ሂጂ» አላት። «መንፊያው ሰፊ ነው። የጣቱ አያያዝና የኖታው አነባበብ ግን ያው የኮርኔቱ ነው።» እውነቱን ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላት ለመደችው።

የወፍራም ድምፆቹ ረድፍ እንዲህ በሌላ መሣሪያ ጀምረው በመጡ ሰዎች የተሞላ ነው። ከሁሉም ትልቁን መሣሪያ፣ ቱባን፣ የሚነፋው ሾፌር ኮርኔት የተወው የፊት ጥርሶቹ ሲወልቁ ነው። «እዚህ ረድፍ ላይ ተወልዶ ያደገ የለም» ይላል። «ሁላችንም እንግዶች ነን።» ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ፣ ወንበሩ ሳይሞቅ መንገዱን ይናገራል፦ ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣና ማን እንዳስተማረው።

ቱቦም በመጣ ቀን ተናግሯል። «ከኮርኔት ነው የመጣሁት። ያስተማረኝ አጎቴ ነው፣ እሱ በሚነፋበት ባንድ ውስጥ።» ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ስሙን ሾፌሩ እዚያው አወጣለት።

«ሽቦና ቱቦ! በሉ እንግዲህ፣ የቀረን የቧንቧ ሠራተኛ ብቻ ነው!»

ያን ቀን ሁሉም ሳቁ። መሪው ብቻ አልሳቀም።

ካቻምና ትሮምቦን የሚነፋ አንድ ልጅ ነበር። ስለ መጣበት መንገድ ዋሽቶ ነበር። መሪው እያወቀ ዝም አለው፤ ሳምንታት ዝም አለው። ከዚያ በውድድሩ ቀን፣ ሕዝብ በተሞላበት መድረክ ላይ፣ በዱላው ሌላውን ሁሉ ጸጥ አሰኝቶ ልጁን ብቻውን አስቀረው። ልጁ አንድ የተሰበረ ድምፅ አወጣ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም። አሁን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ ባንዱ በዚያ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ልምምዱ ሲያልቅ መሪው ቦርሳውን እየዘጋ ተናገረ።

«ቅዳሜ ወላጆቻችሁ ይመጣሉ። ማንም ያላየው አዲስ ዜማ አለኝ። ዩፎኒየም ቆሞ፣ ብቻውን ይነፋዋል።» ከዚያ ወደ ሽቦ ዞረ። «የኖታ ሣጥኑ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው አይደል፣ ልጄ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጥሩ። ደህና አድርገሽ ያዥው።»

ሽቦ ቱቦን ግቢው ውስጥ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አገኘችው።

«ወረቀቱ ሌላ ነበር» አለችው።

«የቱ ወረቀት?»

«አትሸውደኝ። የማርሽ ኖታ ነበር። አንተ ዘና ብለህ ሌላ ነገር ነፋህ።»

ቱቦ ጫማውን አየ።

«ኖታ አታነብም?»

«አንቺን ነው የማነበው» አለ በመጨረሻ። «የኔን ክፍል በባሪቶን አሰሚኝ እያልኩ እለምንሽ የነበረው ለምን ይመስልሻል? አንዴ ከሰማሁ አይጠፋኝም። መቼ እንደምገባ ካላወቅኩ ደግሞ ትከሻሽን አያለሁ። ትንፋሽ ስትስቢ እስባለሁ።»

ሽቦ ትዝ አላት። ሁልጊዜ ከእሷ ግማሽ ምት ዘግይቶ ነበር የሚገባው። እሷ ግን የራሱ ስልት ነው ብላ ታደንቀው ነበር።

«አጎትህስ?»

«አጎት የለኝም። እናቴ የአንድ ባንድ አዳራሽ ትወለውል ነበር። እኔ ባልዲ እያመላለስኩ እሰማለሁ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጎኑ የተጨረመተ ዩፎኒየም ነበር፤ ሰዎቹ ሲወጡ የሰማሁትን በእሱ እፈልገዋለሁ።» ሊስቅ ሞክሮ ከንፈሩ እምቢ አለው። «ምን ልበላቸው? አንዱ ከኮርኔት፣ አንዱ ከትሮምቦን፣ እኔ ከመወልወያ?»

ሽቦ ኪሷ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ዳሰሰችው።

«ሽብዬ፣ በናትሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። ገጹን አውጪና አንዴ ንፊልኝ። አንዴ ብቻ። ማን ያውቃል?»

ዓርብ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣች። አዳራሹ ባዶ ነበር። የኖታ ሣጥኑ ያለው በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከመሪው ክፍል ትይዩ ነው። ቱቦ ከደረጃው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል። ሽቦ ቁልፉን ወደ ሣጥኑ አስገባች።

ከፈተችው። ወረቀቶቹን የምትደረድረው ራሷ ናት፤ የትኛው የት እንዳለ ጨለማ ውስጥም ታውቃለች። አሁን ግን ከሁሉም በላይ፣ ልክ መሐል ላይ፣ አንድ ንጹሕ ገጽ ተቀምጧል። «ዩፎኒየም» ይላል።

እጇን ዘረጋችና አየር ላይ ቀጥ አደረገችው። መሪው አዲስ ዜማ አስቀድሞ ከቦርሳው አውጥቶ አያውቅም። ለእናቱም አያሳይም፣ ይላል ሾፌሩ። ታዲያ ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ? ለማን?

ቀስ ብላ ዞረች። የመሪው ክፍል በር ተዘግቷል። ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት መብራት ይታያል፤ ብርሃኑ መሐል የሁለት ጫማዎች ጥላ ቆሟል። አይንቀሳቀስም።

ዓይኗ ተመልሶ ገጹ ላይ ወደቀና ሳትፈልግ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያው መስመር ጭንቅላቷ ውስጥ ይዜም ጀመር። ቆንጆ ዜማ ነበር፤ ለቱቦ ትንፋሽ የተሠራ ይመስላል። ሁለተኛው መስመር ላይ ሳትደርስ ሣጥኑን ዘጋችው። ቆለፈችው።

«አገኘሽው?» አለ ቱቦ በሹክሹክታ፣ ስትመለስ።

«አገኘሁት።»

«እና?»

«ቆለፍኩበት።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ገደልሽኝ በይ።»

«ስማኝ። ያውቃል። ወረቀቱን የቀየረብህ እሱ ነው። ገጹንም እንዳገኘው ፊት ለፊት አስቀምጦልኛል። ዛሬ ብነፋልህ ነገ ሌላ ገጽ ያወጣና ሰው ሁሉ ፊት ያስቆምሃል። ፌርማታው ላይ ያለውን ልጅ አይተኸዋል?»

«ካርድ ሻጩን? እሱ ደግሞ ምን አገባው?»

ነገረችው። «ዛሬውኑ ሄደህ እውነቱን ንገረው» አለችው በመጨረሻ።

«ዛሬ ብነግረው ግን ያባርረኛል» አለ።

«ሊያባርርህ ይችላል። እኔንም።»

«አንቺን በምን?»

«አሁን እኔም አውቄያለኋ። ሣጥኑንም የከፈትኩት ለሌብነት ነው።» ቁልፉን እጇ ውስጥ ጨበጠችው። «ዛሬ ከሆነ ግን በሩ ተዘግቶ ነው የሚሆነው። እናትህ ሳያዩ።»

ቱቦ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። «እናቴ ልብሷን ከአሁኑ ተኩሳ ሰቅላዋለች» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«እኔ እገባለሁ» አለች ሽቦ። «ቁልፉን እመልስለታለሁ፤ ለምን እንደከፈትኩትም እነግረዋለሁ። ያንተን መንገድ ግን አልናገርም። እሱ ያንተ ነው።»

መልሱን አልጠበቀችም። ኮሪደሩ ከመቼውም ይልቅ ረዘመባት። ከአዳራሹ በኩል የቧንቧው ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከበሩ ሥር ያሉት ጫማዎች እዚያው ናቸው። እጇን አንሥታ ልታንኳኳ ስትል፣ ገና ሳትነካው፣ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ግቢ።»

ሽቦ ዜማ ልትጀምር ያለች ይመስል ትንፋሿን ሳበች፤ ትከሻዋ ከፍ አለ። ወደ ኋላ አልዞረችም። እጀታውን ይዛ ወደ ፊት ስትራመድ፣ ከበስተኋላዋ፣ ግማሽ ምት ዘግይቶ፣ የሌላ ሰው እርምጃ ተሰማት።