የኬዚያ ግድግዳ

«እርሳስ ብቻ!» አለች የቤተ መዛግብቱ ሠራተኛ፣ የታምሲንን እስክሪብቶ አንስታ እየወሰደችባት። «ማስቲካሽንም ትፊው። እጅሽን ታጥበሻል?»

«ሁለቴ» አለች ታምሲን።

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አንድ ቡናማ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። ጥቅሉ በነጭ ጥብጣብ ታስሯል። ታምሲን ጥብጣቡን ቀስ ብላ ፈታችው። ፈተና ላይ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቃ አታውቅም።

ውስጡ ያለው ወረቀት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1868 ኖቬምበር ወር፣ ሄቲ ማርሎው የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት የቤት ሠራተኛ ራቨንስቢ ከተማ፣ ከታነር መንገድ ጀርባ ባለው ቦይ ውስጥ ሞታ ተገኘች። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት ነበር። ገዳይዋ አልተያዘም። ፖሊሶቹ ሌላ ሥራ መጣባቸው፤ ዘመዶቿ አንድ በአንድ አለቁ፤ ከተማውም ረሳት። ያልረሷት የታምሲን አያት ብቻ ነበሩ።

አያቷ ዊልፍ ለሠላሳ አራት ዓመት የራቨንስቢ ፖስተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ባሉት ሃያ ሁለት ዓመታት ደግሞ የሄቲን ገዳይ ሲፈልጉ ኖረዋል። ያገኙትን ሁሉ የሚጽፉበት ደብተር ሠላሳ አንድ ደርሷል። ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ ምግብ መሥራት ተዉ፣ ጢማቸውን መላጨት ተዉ፤ ደብተሩን ግን አልተዉም። ባለፈው ክረምት በመጨረሻ አገኘሁት አሉ። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ፣ አንዲት ሕፃን ሄቲን 14 ቁጥር ቤት ስትገባ እንዳየቻት በሁለት መስመር ጽፏል። የ1871 የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ደግሞ ታነር መንገድ 14 ቁጥር የሚኖረው ጆሳያ ትሬልፎል የሚባል ኮርቻ ሰፊ እንደሆነ ያሳያል። በቃ፣ ገዳዩ እሱ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይህንኑ ለከተማው ሰው ሊናገሩ ነው። በራሪ ወረቀቱም ታትሞ ተበትኗል። የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሕፃኗ ሙሉ የምስክርነት ቃል ያለበት ጥቅል በቅርቡ ተለይቶ ለአንባቢ ተፈቅዷል፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት የድሮ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ታምሲንን ላኳት። «ፎቶውን ብቻ ይዘሽልኝ ነይ» አሏት። «ግድግዳው ላይ በትልቁ አሳየዋለሁ። ሰዉ አፉን ይዞ ነው የሚቀረው!»

ታምሲን የመጀመሪያውን ገጽ ገለበጠች። ጽሕፈቱ የፖሊስ ጸሐፊው ነው፤ ዘንበል ያለ፣ የተጣደፈ። ንግግሩ ግን የልጅቷ ነበር።

«ስሜ ኬዚያ ሎክውድ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የምንኖረው 13 ቁጥር ነው። ሄቲ አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን 14 ቁጥር ስትገባ አየኋት። የእኔ አልጋ የእነሱን ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው። ሄቲ ስትስቅ በግድግዳው ሰማኋት። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። ግድግዳውን በእጄ መታሁት። ማንም አልመለሰልኝም።»

ኅዳጉ ላይ መርማሪው በወፍራም ቀለም «የሕፃን ወሬ» ብሎ ጽፎበታል። ከታች፣ ስም የሚፈረምበት ቦታ፣ መጻፍ የማይችሉ ሰዎች የሚያኖሩት የመስቀል ምልክት አለ። ከመስቀሉ አጠገብ ግን አንዲት የተንጋደደች ፊደል ተጨምራለች፤ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ናት። ኬዚያ መጻፍ እየተማረች ነበር ማለት ነው። ቀለሙ እጇን ነክቶት ኖሮ ወረቀቱ ጫፍ ላይ የትንሽ ጣት አሻራ ቀርቷል፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ።

ታምሲን የራሷን ጣት ወረቀቱን ሳታስነካ ከአሻራው አጠገብ አደረገች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ ግን ቢጠይቋት መናገር አትችልም ነበር። ይህቺ ልጅ እውነተኛ ልጅ ነበረች። ግድግዳ መትታ መልስ ጠብቃለች፤ ያየችውን ለትልልቅ ሰዎች ተናግራ ማንም አልሰማትም። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ የጣቷ አሻራ እዚህ አለ፤ አውቶቡስ ይዛ የመጣች ልጅ ታየዋለች።

ቃሉን እንደገና አነበበችው። ሁለተኛው ላይ የሆነ ነገር ቆረቆራት።

13 ቁጥር። ጎረቤታችን 14 ቁጥር። ግድግዳ።

አያቷ ትምህርት ቤት ሲያደርሷት መንገዱን ሁሉ የሚያስቆጥሯት ዜማ ነበራቸው። «ሁለት፣ አራት፣ ስድስት በቀኝ! አንድ፣ ሦስት፣ አምስት በግራ!» 13 እና 14 ቁጥር ግድግዳ ሊጋሩ አይችሉም። በመካከላቸው መንገድ አለ።

ወደ ሠራተኛዋ ሄደች። «ይቅርታ፣ የታነር መንገድ የቤት ቁጥር ድሮ ሌላ ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ የኔ እናት። በ1870 የከተማው ምክር ቤት ሁሉንም ቀይሮታል። ከዚያ በፊት በአንዱ ረድፍ አንድ ብለው ጀምረው እስከ ጫፍ ይሄዱና በማዶው ረድፍ ይመለሱ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።»

«ታዲያ ያኔ 14 ቁጥር የነበረው የትኛው ቤት ነው?»

«የቤቶቹ ቁጥር ከየት እንደጀመረ ማን ያውቃል? የነዋሪዎቹ መዝገብ ውኃ ገብቶበት ጠፍቷል።» ሴትዮዋ ካሜራውን አዘጋጀች። «የትኛውን ገጽ ላንሳልሽ?»

ታምሲን ስልኳን አየች። ስልኳ ላይ የአያቷ መልእክት መጥቷል፦ «አገኘሽው???» ሦስት የጥያቄ ምልክት። የልጅቷ ስምና መስቀሉ ያለበትን ታችኛውን ክፍል ብቻ ብታስነሳስ? ማንም አያውቅም። አያቷም ቅዳሜ ይጨበጨብላቸዋል።

ከዚያ ሮዊና ትዝ አለቻት።

ሮዊና ትሬልፎል ኬሚስትሪ ክፍል አጠገቧ ነው የምትቀመጠው። ከሦስት ሳምንት በፊት ታምሲን የአያቷን ታሪክ ለታሪክ ትምህርት አቀረበችው፤ የገዳዩን ስም ስትጠራ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዶቹ ሮዊና ባለፈች ቁጥር አንገታቸውን ይይዛሉ።

«በናትሽ አስቁሚያቸው» ብላት ነበር ሮዊና ሰኞ ዕለት። «ሙድ እየያዙብኝ ነው።»

«ቀልድ እኮ ነው፣ አታካብጂ። ደግሞ የሞተው ከመቶ ዓመት በፊት ነው።»

«አያቴ አልሞተችም። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። የጆሳያን ፎቶ ወደ ግድግዳው አዙራዋለች። በልጅነቷ ጥሩ ሰው ነበር እያሉ ነው ያሳደጓት፣ ገባሽ?»

ታምሲን ያኔ ትከሻዋን ሰብቃ አልፋት ነበር። አሁን ፊቷ በኃፍረት ጋለ።

«ሁሉንም ያንሱልኝ» አለች።

አያቷ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ ክራቫትም አስረዋል።

«በይ አሳዪኝ! ሙሉውን አገኘሽው?»

«አግኝቼዋለሁ፣ አባባ። መጀመሪያ ግን ታነር መንገድ እንሂድ።»

«አሁን? ሻይ ሳንጠጣ?»

«አሁን።»

ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። 13 ቁጥር በር ላይ ሲደርሱ አቆመቻቸው። ቤቶቹ በሁለቱም ወገን ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ተደርድረዋል።

«እስቲ ደብዳቤ አለህ እንበል» አለች። «የሚደርሰው 13 ቁጥር አጠገብ ላለው፣ ግድግዳ ለሚጋራው ቤት ነው። የት ታስገባዋለህ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? 11 ወይ 15። ዓይኔን ጨፍኜ አደርሰዋለሁ፤ አሁንማ ጨፍኜው የለ!» ብለው ሳቁ።

«14ስ?»

«14 ማዶ ነው። ሰባተኛው በር። እዚህ ቆሞ ግድግዳውን ሊነካ የሚችል ቢኖር እጁ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ነው።»

ታምሲን ስልኳን አወጣች። የኬዚያን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀስ ብላ አነበበችላቸው። «ግድግዳውን በእጄ መታሁት» የሚለው ላይ ስትደርስ የ13 ቁጥርን ግድግዳ ቀና ብላ አየችና ጨረሰችው። ስለ 1870ው የቁጥር ለውጥም ነገረቻቸው።

አያቷ የ15 ቁጥር አጥር ላይ ቁጭ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩ ድሮም ይህ ነበር ወይ ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በእነዚህ ቁጥሮች ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው፤ ቁጥሮቹ አንድ ቀን ተነስተው ቦታ ይቀያየራሉ ብለው አስበው አያውቁም። ታምሲን እጃቸውን ልትይዝ ፈለገች፤ ፈራች።

«በሠላሳ አራት ዓመት» አሉ በመጨረሻ፣ «አንድ ደብዳቤ የተሳሳተ ቤት አስገብቼ አላውቅም። አንድም! ይኸው ነፍስ መግደልን የሚያህል ነገር የማይመለከተው ሰው ቤት አስገባሁ።»

«እኔም ክፍል ውስጥ አንብቤዋለሁ፣ አባባ።»

አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች አለፈች፤ ከአንዱ ቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። አያቷ የተጋረደ ዓይናቸውን ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ በበሮቹ ላይ አዟዟሩት። ታምሲንም አብራቸው አየች። ከእነዚህ ግድግዳዎች በአንዱ በኩል ሄቲ ስቃለች። የትኛው እንደሆነ በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ይህን መንገድ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ዛሬ ግን እንግዳ ሆነባት።

«ሰምታታለች» አሉ አያቷ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አምላኬ! ያቺ ሕፃን ሰምታታለች። እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ።»

መልሳ አነበበችላቸው። ሲያልቅ ተነስተው የሱሪያቸውን አቧራ አራገፉ።

«ቅዳሜ ይህንን አንቺ ታነቢዋለሽ። የተሳሳትኩትን እኔ እናገራለሁ።»

«ከቅዳሜ በፊት ግን...» አለች ታምሲን።

«አውቃለሁ። የሮዊና አያት፣ ሙሪየል ትሬልፎል። ቸርች ሌን፣ 8 ቁጥር፣ ሰማያዊ በር።»

ሰማያዊው በር ላይ ሲደርሱ አያቷ የለመደ እጃቸው ወደ ደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳ ሄደ፤ ከዚያ እጃቸው ባዶ መሆኑን አስታውሰው መለሱት። በመስኮቱ መጋረጃ ሥር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የፎቶ ክፈፍ ጀርባው ይታያል።

ታምሲን በሩን በእጇ መታችው፤ መልስ እስኪመጣም ቆማ ጠበቀች።