ክዳኑ ሳይከፈት

ጤዛ ጠርሙሷን በመሐረብ ጠቅልላ አግዳሚው ወንበር ላይ አኖረቻት። ጤዛ የሥራ ስሟ ነው፤ እናቷ ያወጣችላትን ማንም አያውቅም።

የቀትር ፀሐይ አናት ይበሳል። ለስለላ የላካት ሰው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «ቁልፍ» ነው የሚሉት።

«ዝናብ ይኖር ይሆን?»

«እኛ ሰፈር ደርቋል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ መድኃኒት ፋብሪካ ተቀጥራ እርጥበት ስትለካ ኖራለች። ሥራው፣ ልጆቼ፣ ሲያወሩት ቀላል ነው። ዱቄቱን መመዘን፣ በምድጃ ማድረቅ፣ እንደገና መመዘን። የጎደለው ውሃ ነው። ከመቶ ሁለት ማለፍ የለበትም። እዚያ ግን ሰባት የወጣው መዝገብ ላይ ሁለት ይባላል። የረጠበ መድኃኒት ደግሞ ጉልበት የለውም፤ የሚውጡት ሕፃናት ናቸው።

ሥራውን ያስተማሯት የላቦራቶሪው ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ትላቸዋለች።

«ክዳኑን ከከፈትሽ ዱቄቱ የአየሩን እርጥበት ይጠጣል» ይሏት ነበር። «የጠጣ ምስክር ደግሞ ማን ያምነዋል?»

ዛሬ ጠዋት ሁለት ጠርሙስ እጇ ላይ አስቀመጡ።

«ሰላይ መሆንሽን ካወቅሁ ቆየሁ፣ ልጄ። ቁጥር ሲሰረዝ ያየ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ይለምዳል። አንቺ በልብሽ ትጽፊው ነበር። ይቺ የተፈጨ ስኳር ናት፤ ለሚቀበልሽ ሰው አስቀድመሽ እሷን ስጪ። የእውነት ሰው ከሆነ ክዳኗን አይነካም።»

የፋብሪካው ዱቄት ያለባት ሁለተኛዋ ላይ «ሰባት ከመቶ» ይላል። ከሥሩ የጋሼ ፊርማ።

«መዝገቡም ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት! ይታሰራሉ እኮ።»

«ያኔ ፈርቼ ፈረምኩ። አሁን ሳልፈራ ፈረምኩ። እንዳትፍቂው።» ከዚያ፣ «ስምሽን ብቻ ንገሪኝ» አሏት።

ስሟን ሳትነግራቸው ጠርሙሶቹን ይዛ ወጣች።

አሁን አግዳሚው ወንበር ላይ ቁልፍ መሐረቡን ፈታ።

ክዳኑን ከፈተው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ንፋስ ትቅመስ ብዬ!» ሳቀ። «ከፋብሪካው ሰዎች ጋር ተስማምተናል። አንቺም ምንም አላየሽም።»

እንደ ተሸነፈ ሰው አንገቷን ደፍታ ሄደች። እውነተኛዋ ጠርሙስ ብብቷ ሥር ነበረች። ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ከቁልፍ በላይ ያለችው አለቃ ዘንድ ደረሰች።

«ክዳኑስ?»

«አልተከፈተም።»

ፋብሪካው ታሸገ። ቁልፍ ተያዘ። ጋሼም ተያዙ።

ጤዛ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም ተሰጣት። ከመሄዷ በፊት አዲስ ሸሚዝ ገዝታ እስር ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ምንሽ ናቸው ልበል?» አለ ዘበኛው።

«አባቴ።»

«ያንቺስ ስም?»

እስክሪብቶው ጠበቃት።

«ስም የሌለው ዕቃ አንቀበልም፣ እህቴ።»

ሸሚዙን አቅፋ ተመለሰች። አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አላወቃት። ስትወርድ ሸሚዙ ርሶ ነበር።

ስንት ከመቶ እንደሆነ የለካው የለም።