የ2071 ኖራ

ረውዳ የ2072ን ኖራ አንብባ ጨርሳ ብናኙን ከመደቡ ላይ ስትጠርግ ሐጃ ሚስኪ በሙዚየሙ በር ገቡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ቀዩ መደብ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ማስፈቀድም አይጠበቅባቸውም ነበር። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ያለው ይህ የከተማ ታሪክ ሙዚየም ሙዚየም ከመሆኑ በፊት የአባታቸው ቤት ነው።

"ተራዬ ደረሰ?" አሉ።

"ደርሷል፣ ሐጃ። ቀጣዩ የእርስዎ ዓመት ነው።"

ረውዳ ኖራሰሚውን ወደ ግድግዳው አስጠጋችው። ኖራ ሲደርቅ በዙሪያው የተሰማውን ድምፅ በቅንጣቶቹ መሃል ይዞ ይቀራል፤ ኖራሰሚ ደግሞ ያንን ልባስ በቀጭን ብርሃን እየላጠ የሚያነብ መሣሪያ ነው። የላጠው ዱቄት ስለሚሆን አንድ ልባስ የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቤቱ በየዓመቱ የጾሙ ወር ሊገባ ሲል ይቀባ ነበርና ታሪኩ ከዓመት ውስጥ ኖራው የሚደርቅበት የሦስት ቀን ታሪክ ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው ጭቅጭቅ ነው። "እዚህ ጋ ዘለልሽ!"፣ "ውሃ አበዛሽበት!"፣ "የግድግዳውን ስፌት አውርጂው፣ ኖራ ተረጨበት እኮ!" ስለ አሚሮችና ስለ ነጋዴዎች ሊሰማ የመጣ ጎብኚ የቀቢ ሴቶች ንዝንዝ ሰምቶ እየሳቀ ይወጣል።

ሐጃ ሚስኪ ግን ለሳቅ አልመጡም። እናታቸው የሞቱት እሳቸው የስድስት ወር ሕፃን ሳሉ ነው፤ ሙሽራ ሆነው ከገቡ በኋላ ቤቱ የተቀባው አንድ ጊዜ፣ በ2071 ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ድምፁንም ፎቶውንም በሩቅ አገር የመረጃ መጋዘን ያስቀምጥ ነበር። መጋዘኑ በ2083 ሲደመሰስ የአንድን ትውልድ ትዝታ ውሃ በላው።

"ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ 'እናትሽ ስታዜም መንገደኛ ይቆም ነበር' ይለኛል" አሉ ሐጃ። "እነሱ ጠግበው ሰሙ፤ ለእኔ የደረሰኝ ወሬው ነው።"

ብርሃኑ ከጣሪያው ሥር ጀምሮ መውረድ ያዘ። ነጭ ዱቄት መደቡ ላይ ተበተነ። አንድ ደቂቃ ሄደ፣ ሁለት ሄደ፤ ከመሣሪያው ምንም አልወጣም። ከዚያ ኖራሰሚው በተለመደው ትሕትናው ተናገረ።

"ልባሱ ባዶ ነው። ወደሚቀጥለው ልለፍ?"

ረውዳ ወደ አሮጊቷ ዞረች። "ሐጃ... ምናልባት በዚያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም ይሆናል።"

"ሰው ከሌለ ማን ቀባው?"

ረውዳ በሦስት ዓመት ሥራዋ መሣሪያው ስንቱን ልባስ ባዶ ነው ብሏት "እለፍ" ብላዋለች፤ ይህችን ጥያቄ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። አፈረች።

መሣሪያው "ወንፊት" የሚሉት ክፍል አለው፤ ከተወሰነ ልክ በታች የሆነውን ድምፅ ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ ይጥላል። ወንፊቱ ከተነሳ ደቃቁን ድምፅ ለመልቀም ብርሃኑ ይበረታል፣ ግድግዳውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ መንካት ክልክል ነው፤ የነካ ሥራውን ያጣል። ብርሃኑ ግን የልባሱን እኩሌታ በልቶ ጨርሷል፣ አሮጊቷም ዓይናቸውን ከግድግዳው አልነቀሉም። ረውዳ ከንፈሯን ነክሳ ወንፊቱን አነሳችው።

መጀመሪያ የቡርሽ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ ተደብቆ የሚቀባ ሰው ይመስላል። ቀጥሎ የባዶ እግር ኮቴ። ቀጥሎ በሐረሪ ቋንቋ ሹክሹክታ፣ የሦስት ወይም የአራት ሴቶች።

"ቀስ በይ፤ አሁን ገና ነው የተኛችው።"

"ባልዲውን አትጎትቺው፣ አንሺው።"

"የትኛዋ ናት?" አሉ ሐጃ፣ እሳቸውም በሹክሹክታ። "እናቴ የትኛዋ ናት?"

መሣሪያው መለየት አቃተው፤ የሰው ሹክሹክታ ሁሉ ይመሳሰላል። ሐጃ መጀመሪያ ሳቁ፣ ወዲያው እንባቸው መጣ።

"የተኛሁት እኔ ነኝ እኮ! ያን ሁሉ ጭቅጭቃም ቤት አፉን ያስያዙት እኔ እንዳልነቃ ብለው ነው። ምነው ያን ቀን እንቅልፍ ባልወሰደኝ!"

ግድግዳው መሞቅ ጀመረ። የተቃጠለ አፈር ሸተተ፤ ከመስኮቱ በላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ረውዳ እጇን ማጥፊያው ላይ አድርጋ የቀረውን ልባስ በዓይኗ ለካችው፤ አንድ ክንድ አይሞላም።

በዚህ መሃል ከኖራው ውስጥ ባልዲ ሲወድቅ ተሰማ። ድምፁ ቤቱን አናጋው። ሕፃን ጮኸች፤ ያ ጩኸት የሙዚየሙን ግቢ ሞላው። ከጩኸቱ ሥር አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማዜም ጀመረች። እዚህ ትሰማለች፣ እዚያ ትሰጥማለች፤ ልቅሶው ትንፋሽ ሲወስድ ሁለት ቃል ታተርፋለች፣ መልሶ ይውጣታል። ሐጃ ሚስኪ የረውዳን ክንድ ጨምድደው ያዙ። ብርሃኑ ወለሉ ደርሶ ሲጠፋ ሴትየዋ ገና እያዜመች ነበር።

ግድግዳው አልፈረሰም። ቀድሞ የተናገረው መሣሪያው ነው።

"የሕፃኗ ልቅሶ የሴቷን ዜማ ሸፍኖታል። ከቀዳሁት ላይ ልቅሶውን ለይቼ ላውጣው?"

ረውዳ ከደስታዋ ብዛት ብድግ አለች። "ሐጃ፣ ይቻላል! ልቅሶው ወጥቶ እናትዎ ብቻቸውን፣ ጥርት ብለው ይሰማሉ። በሉ 'እሺ' ይበሉኝ!"

ሐጃ ሚስኪ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ግድግዳውን አዩ፤ ኖራው ተልጦ ከሥሩ የ2070 ልባስ ገጥጧል።

"ተዪው፣ ልጄ" አሉ። "እኔን ካወጣሽኝ ለማን ልታዜም ነው?"